በገዛ እጄ ዝም ያሰኘሁት ፍሬን

ነገሩ በጠቅላላው ያስከፈለኝ ይህን ነው፦ አንድ ሙሉ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ ግማሽ ጣሳ ግራሶ፣ ሁለት የብርጭቆ ወረቀት፣ ከእናቴ ክንድ የወጡ ሁለት የወርቅ አንባሮች፣ እና ሙክታር። ከእነዚህ ውስጥ ርካሹ ግራሶው ነበር። ውዱ የትኛው እንደሆነ ስመዝን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሚዛኑ እስካሁን አልቆመልኝም።

ያስታወሰኝ ባጃጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሱቄ በር ላይ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ተቀምጬ ሳለ፣ ቁልቁል የመጣ ባጃጅ ፊቴ ሲቆም ፍሬኑ ጮኸ። ተራ ጩኸት አይደለም። ቀጭን ሆኖ ይጀምርና ይረዝማል፤ መጨረሻው ላይ ይሰበራል፤ ልታናፋ ጀምራ ሐሳቧን የቀየረች አህያ ማለት ነው። ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ባለባጃጁ ገና ሒሳቡን ሳይቀበል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የቆርቆሮ በር ተከፈተና እማማ ራሂማ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ወጡ።

እማማ ራሂማ ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም። ቧንቧ ግቢያቸው ከገባ ቆይቷል፤ ውሃ ከመኪና የቀዱት በድሮ ዘመን ነው። ጀሪካኑን አዩ፣ ባጃጁን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ነጋዴ ያለውን ዕቃ ሁሉ በር ላይ አይዘረጋም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐረር ተጠምታ ነበር። ቧንቧ ሲከፍቱት ያፏጫል እንጂ አይፈስም። ሰው ሲገናኝ ስለ ጤና ከመጠያየቁ በፊት «እናንተ ጋ መጣች?» ይባባል ነበር፤ መጣች የምትባለው ውሃ ናት። ልጅ ሊድር የሚሄድ ሽማግሌ የቤቱን ስፋት ሳይሆን የበርሜሉን ብዛት በዓይኑ ይቆጥራል። እኔ ያኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ትምህርቴን የጨረስኩት ፈረስ መጋላ ላይ ባትሪ ድንጋይና ካልሲ ስሸጥ ነው፤ ሰርተፊኬት አይሰጡም እንጂ ፈተናው በየቀኑ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ከሠርጓ ዕለት ጀምሮ ከክንዷ ያልወጡትን ሁለት አንባሮች በሳሙና አሙለጭልጫ አወጣቻቸው። በሻሿ ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ «ውሃ ሽጥበት። ካልሲ ቢቀዳደድ ሰው ይረግምሃል፤ ውሃ የሸጠ ግን ዱዓ ነው የሚያገኘው» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ በዓመቱ እመልሰዋለሁ» አልኳት።

«ስትመልስ አንተው ታጠልቅልኛለህ» አለች። በዚህ ተስማማን። እሷ ስለ አንባሩ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳችም፤ የእኔን ዕዳ ያከበደው ይኸው አለማንሳቷ ነው።

የገዛሁት የፈረንሳይ ሥሪት አሮጌ ነጭ ፒክአፕ ነበር። የግራ በሩ በገመድ ይታሰራል። ውሃውን የምቀዳው ሐኪም ጋራ ወገብ ላይ ጉድጓድ ካላቸው ኦቦ ኢብሮ ከሚባሉ ገበሬ ነው። ባዶውን ዳገቱን እወጣለሁ፤ በርሜልና ጀሪካን ሞልቼ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ውሃ ከባድ ነው፤ ደግሞም ይንቀሳቀሳል። መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ከኋላህ ተነስቶ ይገፋሃል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች እግሬን ከፍሬን ላይ አላነሳም ነበር። የፊት እግሩ ፍሬን ባለ ዲስክ ነው፤ ሁለት ሸራዎች አንዱን ክብ ብረት ግራና ቀኝ ጨብጠው ይይዙታል። ያ ሁሉ ቁልቁለት ሸራውን አቃጠለውና አደረቀው። ከዚያ መጮህ ጀመረ።

እንዴት ያለ ጩኸት! የሰፈራችን መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ በየበሩ ስቆም በየበሩ ይጮሃል። ከጎረቤቶቻችን አንዱ፣ ከጎጃም መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ደምሴ የሚባሉ ወታደር፣ «ይሄ መኪና አይደለም፣ ጡሩንባ ነው! በኛ ጊዜ በዚህ ድምፅ ብርጌድ ይነሳ ነበር» ይሉኝ ነበር። ይሉኝ ነበር እንጂ ባልዲያቸውን ይዘው ቀድመው የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ክላክስ አልነፋም። መንገዱ አፍ ላይ መስጊድ ስላለ ሼኹ ክላክስ እንዳይነፋ ለምነውናል፤ ቢነፋም የጫት መኪና ሁሉ ሲነፋ ስለሚውል ለክላክስ በሩን የሚከፍት ሰው አልነበረም። ፍሬኔ ሲጮህ ግን ከታች እስከ ላይ በሩ ሁሉ ቋ ቋ እያለ ይከፈታል። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ፤ ሙክታር ደግሞ ከኋላ ዘሎ ይወርዳል።

ሙክታር አብሮ አደጌ ነው። የእነሱ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ ግንብ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ በልጅነታችን ግንቡ ላይ ቁጭ ብለን የመግሪብን አዛን እየጠበቅን አብረን አፍጥረናል። በሥራው እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ይቀዳል። የማን በርሜል እንደሚያፈስ፣ ማን ውሃው በጨርቅ ካልተጣራ እንደማይቀበል፣ የትኛዋ ሙሽራ ወጥታ መቅዳት እንደምታፍር እሱ ያውቃል። እኔ የማውቀው መሪውን ነበር።

አንድ ማለዳ ሸዋ በር ጋ ፈቲራ ስንበላ ነው የጀመረኝ። ማሩን በጣቱ እየጠረገ፣

«ያ ነጂብ፣ ይሄ ፍሬን አንድ ቀን ይበላሃል» አለኝ።

«ይጮሃል እንጂ ይይዛል።»

«የሚጮህ ነገር ያመመው ነው። ወላሂ እኔ የምፈራው ላንተ ነው። የሐኪም ቁልቁለት ላይ እምቢ ቢልህ፣ እናትህን ምን ብዬ ነው የማረዳት?»

«አቦ፣ በፈቲራ ላይ አታሟርት!»

«እሺ ሞቱን ተወው። ሰው እየሳቀብህ እንደሆነስ ታውቃለህ? ሴቶቹ ምን ብለው እንደሰየሙህ ልንገርህ?»

«ምን?»

«ነጂብ ናፋ።»

ሞቱ አላስደነገጠኝም ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ከገደል ይልቅ ሳቅ ይፈራል። ፈቲራውን ሳልጨርስ ተነሳሁ፤ የተረፈውን ሙክታር በላው።

ሸራውን ድሬዳዋ ወርጄ ገዛሁ፤ ጥሩ ነው ካሉት ውስጥ ጥሩውን። ደንገጎን ስወርድ የሚመጣው ሙቀት፣ ከመኪና ተራው ጀርባ የተከመረው ማንጎ ሽታ አሁንም ከአዲስ ሸራ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይመጣብኛል። ጋራዥ ማስገባት አልፈለግኩም። ያኔ መኪናዬ ጋራዥ ባደረ ቁጥር አንዱን በሽታ ጥሎ ሌላውን ይዞ ይመለስ ነበር። ሙክታርም «እኔና አንተ እያለን?» አለ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ግቢያችን ውስጥ፣ የዘይቱኗ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምነው። የበጋው ነፋስ አቧራውን እያነሳ ያንከራትተዋል።

የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አገድን። የፊቱን በክሪክ አነሳን፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና አይታመንም ብለን ከሥሩ ጉቶ አስገባንበት። ቡሎኖቹ ዝገው ስለነበር መፍቻው ላይ ቆሜ ዘለልኩበት። ጎማው ሲወጣ ዲስኩ ታየ፤ ጫፍ ጫፉን ዝገት ከቦታል። ሸራዎቹን የሚይዙትን ዘንጎች መትተን አወጣንና ሸራዎቹን ሳብናቸው። ፊታቸው ጥቁር መስተዋት ሆኗል። ወላሂ ጢሜን አየሁበት።

«አየህ?» አለ ሙክታር፣ «ልቡ ተቃጥሎ ፊቱ አምሮ።»

እናቴ የቡና ገለባ ሆጃ በትልቁ ቴርሞስ አምጥታልን፣ ወተቱና ጨዉ በደንብ የገባበት፣ እጃችንን ሳንታጠብ ጠጣን። ዲስኩን በብርጭቆ ወረቀት በክብ በክቡ ፈገፈግነው። ሸራው የሚቀመጥበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ድረስ ጠረግን። አዲሶቹን ሸራዎች ስናስገባ ሙክታር ከጀርባቸው ስስ ግራሶ በጣቱ እየቀባ፣ «ፊቱን እንዳትነካው! ቅባት የነካው ሸራ አይይዝም፤ ሰው ይገድላል» እያለ ያስጠነቅቀኝ ነበር። ከኋላ የሚገቡትን ስስ ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ አጥቦ የመለሰው እሱ ነው። እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። በዚያ ዕለት ፍሬኔን የነካ እጅ ሁሉ የወንድም እጅ ነበር፤ ይህን አልክድም፤ ሥራው ንጹሕ ነበር።

አሮጌዎቹን ሸራዎች «ወርውራቸው» አልኩት። እሱ ግን ከሱሪ ኪሱ ጋዜጣ አወጣና እያንዳንዳቸውን ለታማሚ እንደሚወሰድ ተምር ለየብቻ ጠቀለላቸው።

«ቆሻሻ እኮ ነው» አልኩት።

«ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ነው።»

እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ነጋዴ ነኝ እላለሁ፤ ቆሻሻ የሚጠቀልል ሰው ፊቴ ቆሞ አልጠረጠርኩም።

መንገዱን ወርደን ወጣንበት። ዝም። እግሬን ስጭን መኪናው እንደ ጨዋ ልጅ ይቆማል። ሙክታር አጨበጨበልኝ፤ ግንባሬንም ሳመኝ።

በማግስቱ ወገቤን ታምሜያለሁ ብሎ ቀረ። ትናንት ክሪክ ሲያነሳ ነው ብዬ አዘንኩለት፤ እናቴም አብሽ አፍልታ ላከችለት። ብቻዬን ሐኪም ጋራ ወጥቼ ሞልቼ ወረድኩ። ሰፈር ደርሼ የመጀመሪያው በር ላይ ቆምኩ። ማንም አልወጣም። በዝምታው ነው ብዬ ወርጄ አንኳኳሁ፤ ጥቂት ሰው ገዛኝ። በማግስቱ ባሰ። በሦስተኛው ቀን እማማ ራሂማን በራቸው ላይ አገኘኋቸው፤ እጃቸው ሳሙና ነው፣ ከኋላቸው ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ውሃው ከግቢ ወጥቶ በመንገዱ ላይ ይፈሳል።

«እማማ፣ ውሃ!» አልኩ።

«ቅድም ወሰድኩ እኮ ልጄ።»

«ከማን?»

«ካንተ ነዋ! ስትጮህ ሰምቼ ወጣሁ።»

«እኔ እኮ ገና አሁን መምጣቴ ነው።»

«ከጆሮዬ ጋር ልታጣላኝ ነው? ሙክታር ነው የቀዳልኝ፤ በርሜሉን እንኳ ጠርጎልኝ። ወገቡም ተሽሎታል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ከአጥር ማዶ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ብቅ አሉና፣ «ምነው፣ ከሄድክ በኋላ በሹክሹክታ የምትመለሰው?» አሉኝ። ውሃው ሳይሸጥ እንደሞላ ወደ ሐኪም ጋራ ተመለስኩ።

ኦቦ ኢብሮ ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ሳልወርድ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ማሻ አላህ! መኪናህ ሁለት ሆነ!» አሉኝ።

«የቱ ሁለት?»

«ሙክታር የሚነዳው ያንተ አይደለም እንዴ? ያው ነው እኮ፣ መንታው። ነጭ ቀለም ሲቀባው እዚህ ጓሮዬ ነበር የቆመው። ደርቆ የወጣው በዓርቡ ዋዜማ ነው።»

ዓርብ ማለት እኛ ዘይቱኗ ሥር የዋልንበት ዓርብ ነው። ፈቲራውን ሲበላ መኪናው ተገዝቶ ነበር። ግንባሬን ሲስመኝ ቀለሙ ደርቆ ነበር። ኦቦ ኢብሮ ፊቴን አይተው ውሃ በጣሳ ሰጡኝ። ከራሴ የውሃ መኪና አጠገብ ቆሜ የሰው ውሃ ጠጣሁ።

በማግስቱ ማልጄ ወጣሁና ወደ ሰፈራችን መግቢያ ካለው መታጠፊያ ጋ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። ጥቂት እንደቆየሁ ከላይ መጣ፤ ቀጭን ሆኖ ጀመረ፣ ረዘመ፣ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። የራሴን መኪና ከሩቅ ስሰማ በራሴ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሰው ስሙን ሲጠሩበት ዞር ይላል፤ እኔም ዞርኩ። ነጭ ፒክአፕ፣ የግራ በሩ ሳይቀር በገመድ ታስሯል። ሙክታር አየኝ፤ አልቆመም። ወደ ሰፈር ገብቶ ጮኸ፤ በሮቹም ቋ ቋ እያሉ ተከፈቱ።

ተከትዬ ገባሁ። ለሴቶቹ እየቀዳ ነበር።

«ሙክታር!»

«አለሁ።» ቧንቧውን ከበርሜሉ አላወጣም።

«የኔን ሸራ ነው የገጠምከው?»

«የጣልከውን ነው ያነሳሁት። ወርውረው አላልከኝም?»

«ሰው ይገድላል ብለኸኝ አልነበር? ላንተ ነው የምፈራው አላልክም?»

«ብያለሁ። ይኸው አንተ ተረፍክ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ሳቅ አልነበረበትም። «ነጂብ፣ እኔ እስከ መቼ ነው ያንተን ውሃ የምቀዳው? በሩን የማውቀው እኔ፣ በርሜሉን የማጥበው እኔ። ድምፁ ብቻ ነበር ያንተ የሆነው።»

እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም፤ ይህ ነው ከሁሉ የሚያበግነኝ። ድርሻ ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር። አልጠየቀኝም። መጠየቅ ወዳጅነት ይፈልጋል፤ እሱ የመረጠው ደንበኞቼን ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ስንወጣ፣ መስጊዱ ደጃፍ ላይ፣ ሼኹና ሁለት የሰፈር አባቶች። ሼኹ በትዕግሥት፣

«ነጂብ ልጄ፣ ምን ወሰደብህ?» አሉኝ።

«ድምፄን።»

አንደኛው አባት በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሼኹ ግን አልሳቁም። ወደ ሙክታር ዞረው፣ «ነጂብ ልኮኝ ነው እያልክ ሸጠሃል?» አሉት።

«ወላሂ ብዬ አላውቅም ያ ሼኽ። ሴቶቹ ‹ነጂብ ከኋላ ይመጣል?› ሲሉኝ ‹ኢንሻአላህ› ነው ያልኩት። ኢንሻአላህ ማለት ውሸት ነው?»

የሼኹ ፍርድ ይህ ሆነ፦ ሙክታር መኪናውን ሌላ ቀለም ይቀባ። ሸራው ግን ባለቤቱ በአፉ ጣሉልኝ ያለው ነው፤ የተጣለ ዕቃ ላነሳው ነው። አጨባበጡን። እጁ ግራሶ ግራሶ ሸተተኝ፤ ምናልባት የኔ እጅ ይሆናል።

ሙክታር መኪናውን ሰማያዊ ቀባው። ምን ዋጋ አለው፤ በበሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጀሪካን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው የሚያየው በጆሮው ነው። ሴቶቹም ሲያውቁ አልተቆጡትም። በርሜላቸውን የሚያጥብላቸው ልጅ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስነግራችሁ ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ፣ ቆይቼ። ፍሬኔን ላስጮኸው ሞከርኩ። ቁልቁለቱን እግሬን ሳላነሳ ወረድኩ፤ ሸራው ሸተተ እንጂ አልጮኸም። ውሃ አፈሰስኩበት፤ ዝም። ጎማውን ፈትቼ ከጀርባው ያለውን ግራሶ ጠረግኩ፣ ስስ ቆርቆሮዎቹንም አወጣሁ። ያኔ ጮኸ፤ ግን ቀጭን፣ ፈሪ፣ አጭር ድምፅ። እማማ ራሂማ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ «የማን ጫጩት ነው?» ብለው ዘጉት። ቆርቆሮዎቹን መለስኳቸው። ጥሩ ሸራ ገዝቼ፣ ንጹሕ ሥራ ተሠርቶልኝ፣ ላበላሸው እንኳ አቃተኝ።

ክረምቱ ሳይገባ መኪናውን ሸጥኩ። በገንዘቡ አንባር ልገዛ ወርቅ ቤት ሄጄ ነበር፤ አንዱን እንኳ አልሞላም። እናቴ «ሱቅ ክፈትበት፤ ክንዴ የትም አይሄድም» አለችኝ። ፕላስቲክ ሱቅ ከፈትኩ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ማስታጠቢያ። ለሙክታር ደንበኞች ጀሪካን የሸጥኩት እኔ ነኝ። የእሱ ሥራ ኋላ በትልልቅ መኪና ሆነና ድሬ ገባ። እናቴ የሞተች ቀን ከድሬ ድረስ መጥቶ ቃሬዛውን ከፊት በኩል ተሸከመ። በዚያ ቀን ሰው አይመለስም። መቃብሩ ጋ አፈር ስንመልስ ትከሻችን ተነካካ፤ እኔ ያየሁት ግን ትከሻውን አልነበረም፣ ከመገነዟ በፊት ያየሁትን የእናቴን ባዶ ክንድ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ ባጃጁ ጮኾ እማማ ራሂማ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲወጡ፣ እኔም ሳላውቀው ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነበር። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ድምፁን የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ስሜን የሚጠሩ መሰለኝ። እሳቸው ባጃጁን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሌለ ጥርሳቸው ሳቁና፣

«ሙክታር የመጣ መሰለኝ» አሉ።

«ባጃጅ ነው እማማ» አልኳቸው።

«ድምፁ የሱ ነው» ብለው ገቡ።

ሸራውን የገዛሁት እኔ ነበርኩ፣ አሮጌውን ማለቴ ነው፣ ከነመኪናው፣ በእናቴ አንባር። ቁልቁለቱን ወርጄ ያቃጠልኩት፣ ያን ድምፅ ያወጣለት የኔ እግር ነበር። ይህን ለማን ሄጄ ልንገር? የሰሙት ሁሉ የሰሙት በሱ ስም ነው።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ፍሬኑ መኪናውን እስከሸጥኩበት ቀን ድረስ እንደ ድሮው አልጮኸም። አንባሮቹ አልተመለሱም። ጩኸቱ የሙክታር ነው። ለእኔ ቀሪ የለኝም።